ማን ነው የሚናገረው? በብሪታንያ የከተማ ወንጀል ፊልሞች የርዕስ መክፈቻ ዘውግን እንዴት እንደሚመሠርት

ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። ጠያቂ «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። በሁለቱም ልውውጦች ስለሚከተለው ነገር ይዘት አንድም ቃል አይነገርም። ይሁንና የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ጦጣ ስትናገር «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ አይሟገትም፤ ሁለተኛውን የሰማም መልስ መፈለግ ግዴታው እንደ ሆነ ያውቃል። የመክፈቻ ቀመር ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚመልስና የሚነገረው በምን ዐይነት እምነት መሰማት እንዳለበት ይወስናል። ይህ ጽሑፍ ያንኑ የቃል ሥነ ጽሑፍ ዕውቀት ይዞ ወደ ሌላ ሀገርና ወደ ሌላ ጥበብ ይሻገራል፤ የብሪታንያ የከተማ ወንጀል ፊልሞች በርዕስ መክፈቻቸው ዘውጋቸውን እንዴት እንደሚመሠርቱ ይመረምራል። «የርዕስ መክፈቻ» የምለው የፊልሙ ርዕስና የባለሙያዎቹ ስም የሚታዩበትን ክፍል ነው፤ ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚቀርበውን የመጀመሪያ ትዕይንትም ይጨምራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የተለመደው አስተያየት ዘውግን የሚያስታውቁት በዐይን የሚታዩ ነገሮች ናቸው ይላል፦ የሌሊት ጎዳና፣ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት፣ ጥቁር መኪና፣ ሽጉጥ። አስተያየቱ ሐሰት ባይሆንም በቂ አይደለም። እነዚሁ ነገሮች በስለላ ፊልምም በፖሊስ ፊልምም ይገኛሉና። ቃላቱ አንድ ሆነው ሳለ ዓረፍተ ነገሮቹን የሚለያያቸው ሰዋስው እንደ ሆነ ሁሉ፣ እዚህም መለያውን ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውጭ መፈለግ ይገባል። የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፦ ይህን ዘውግ ከጎረቤቶቹ የሚለየው መክፈቻው ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ጥያቄውም ስለ ከተማዋ የመናገር መብት የማን ነው የሚል ነው። መልሱ በሰዋስው መደብ ሊገለጽ ይችላል፤ ሦስተኛ መደብ፣ መደብ አልባ ዝምታ፣ አንደኛ መደብ።

ከሦስተኛው መደብ እንጀምር። በጆን ቦልቲንግ የተዘጋጀውና ከግሬም ግሪን ልቦለድ የተወሰደው «ብራይተን ሮክ» (1947) በማያው ላይ በሚነበብ ማሳሰቢያ ይከፈታል። ማሳሰቢያው የዛሬዋ ብራይተን ደስተኛና ወዳጃዊ የባሕር ዳርቻ ከተማ መሆኗን ይገልጻል፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ግን የጨለማ መተላለፊያዎችና የወንበዴ ቡድኖች የነበሩባት ሌላ ብራይተን እንደ ነበረች፣ ያችም አሁን እንደሌለች ይናገራል። በላዩ ሲታይ የከተማዋን ስም የሚጠብቅ ማስተባበያ ነው። በአገልግሎቱ ግን ተቃራኒውን ይሠራል። «የለችም» የተባለችው ከተማ መኖሯ አስቀድሞ ካልታሰበ ማስተባበሉ ትርጉም የለውምና፣ ተመልካቹ ሊያያት የተዘጋጀው ያችኑ የተካደችውን ከተማ ነው። ሆኖም ተናጋሪዋ ንጹሕዋ ከተማ ናት፤ ወንጀለኛው «እርሱ» ነው፣ ጊዜውም ኃላፊ ነው። በቤዚል ዲርደን «ዘ ብሉ ላምፕ» (1950) ውስጥም ስለ ወጣት ወንጀለኞች የሚናገረው በማያው ላይ የማይታይ ተራኪ ነው። በዚህ ደረጃ የወንጀል ፊልሙ ከፖሊስ ፊልሙ ገና አልተለየም፤ ሁለቱም የሚናገሩት በአንድ አፍ ነው።

ማይክ ሆጅስ ያዘጋጀው «ጌት ካርተር» (1971) ይህን አፍ ይዘጋዋል። ከአጭር የለንደን ትዕይንት በኋላ ባቡር ወደ ኒውካስል ይጓዛል፤ በሮይ ባድ ሙዚቃ ላይ የባለሙያዎቹ ስም ይፈራረቃል፤ ማይክል ኬይን የሚጫወተው ካርተር የሬይመንድ ቻንድለርን የወንጀል ልቦለድ ያነባል። ተራኪ የለም፤ ማሳሰቢያም የለም። ዘውጉን በግልጽ የሚሰይመው በገጸ ባሕሪው እጅ ያለው መጽሐፍ ብቻ ነው። በዚያው የባቡር ክፍል ውስጥ ግን አንድ ፊደል የተቀረጸበት ቀለበት ያደረገ ሰው ተቀምጧል። በፊልሙ መጨረሻ ካርተርን በባሕሩ ዳር ተኩሶ የሚገድለው ይኸው ሰው ነው። መክፈቻው ፍጻሜውን አሳይቶናል፤ አልነገረንም እንጂ። በዚህ ዝምታ ተመልካቹ በዚህ ዓለም ዕውቀት በመስማት ሳይሆን በማስተዋል እንደሚገኝ ይማራል። ካርተር ኒውካስል ደርሶ አፉን ሲከፍት የሚሰማው ደግሞ የተዋናዩ የለንደን አነጋገር ነው፤ ገጸ ባሕሪው ግን የኒውካስል ልጅ ነው። ይህን እንደ ጉድለት መቍጠር ይቻላል። እኔ የመክፈቻው ጉዞ ውጤት አድርጌ አነበዋለሁ፤ ሰውየው ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰው በእንግዳ አንደበት ነውና።

የጆን ማኬንዚ «ዘ ሎንግ ጉድ ፍራይደይ» (1980) ዝምታውን ያራዝመዋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገንዘብ ሲተላለፍና ሰው ሲሞት እናያለን፤ የሚያስረዳ ንግግር ግን የለም። ከዚያ በቦብ ሆስኪንስ የሚወከለው የለንደኑ አለቃ ሃሮልድ ሻንድ በፍራንሲስ መንክማን ሙዚቃ ታጅቦ በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ብቅ ይላል። ሃሮልድ ፊልሙን በሙሉ «የሚያጠቃኝ ማን ነው?» እያለ ይጠይቃል። እኛ መልሱን ያለ ቃል አይተነዋል፤ ያለ ቃል ስለ ሆነም አልተረዳነውም። የዚህ ፊልም ታሪክ ለቋንቋ ባለሙያ ሌላም ቁም ነገር አለው። የሆስኪንስን የምሥራቅ ለንደን አነጋገር በሌላ ተዋናይ ድምፅ ለመተካት ታቅዶ ነበር፤ ተዋናዩ አጥብቆ ተቃወመ፤ በኋላም ሃንድሜድ ፊልምስ ፊልሙን ገዝቶ በራሱ ድምፅ ለሕዝብ አቀረበው። ዕቅዱ ቢሳካ ኖሮ ሥዕሉ አንድም ሳይጓደል ዘውጉ በተናጋ ነበር።

በጋይ ሪቺ ፊልሞች አንደኛው መደብ ይመጣል። «ሎክ፣ ስቶክ ኤንድ ቱ ስሞኪንግ ባረልስ» (1998) በጎዳና ላይ የተሰረቀ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ገዢዎችን በፈጣን አንደበቱ ሲያሞኝ ያሳያል፤ ፖሊስ ሲመጣ ሩጫ ነው። ከድርጊቱ በፊት የሚቀርበው የመናገር ችሎታ ነው። «ስናች» (2000) ደግሞ ገጸ ባሕሪያቱን አንድ በአንድ ያስገባል፤ ምስሉ ይቆማል፣ ወደ ሥዕል ይለወጣል፣ ስሙም ይጻፋል፦ ፍራንኪ ፎር ፊንገርስ፣ ቦሪስ ዘ ብሌድ፣ ቡሌት ቱዝ ቶኒ። እነዚህ መዝገብ ቤት ያልሰጣቸው፣ ሰፈር ያወጣቸው ስሞች ናቸው። በአማርኛ «አራት ጣቱ ፍራንኪ»፣ «ቦሪስ ምላጩ» ብንላቸው የእንግሊዝኛው «ዘ» ሥራ በእኛው እምር አመልካች ቅጥያ ይፈጸማል። እምርነት «የምታውቀው» ማለት ነው፤ ስለዚህ ተመልካቹ ሳይጠየቅ የሰፈሩ ሰው ሆኖ ይቈጠራል። ስሞቹን በእንግሊዝኛ ድምፃቸው ብቻ የሚያስቀር ተርጓሚ ዜማውን ያድናል፤ ይህን ግብዣ ግን ያጣል። ይሁንና የ«ስናች» መክፈቻ ድክመት እዚሁ ላይ ነው። ስሙ ሰውየውን አስቀድሞ ስለሚጨርሰው፣ አብዛኞቹ ገጸ ባሕሪያት ከስማቸው የሚበልጥ ነገር አይሆኑም። የ«ጌት ካርተር» ቀለበት በአንዲት ፊደል ከዚህ የበለጠ ይሠራል።

ለዚህ ድክመት ምላሽ የሰጠው የሁለቱ የሪቺ ፊልሞች ፕሮዲውሰር ማቲው ቮን ይመስለኛል። እርሱ ባዘጋጀው «ሌየር ኬክ» (2004) ባለታሪኩ ራሱ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድን ሕግጋት እንደ ጨዋ ነጋዴ በእርጋታ ይዘረዝራል፤ ስሙን ግን አይነግረንም። በመጨረሻ ስሙን ብናውቅ እንደ እርሱ ብልህ እንደምንሆን ይመጻደቃል፤ ወዲያውም ይተኰስበታል። «እኔ» ማለት ማወቅ አለመሆኑን ዘውጉ በራሱ ላይ መሰከረ።

ፕላን ቢ በሚል ስም የሚታወቀው ቤን ድሩ ያዘጋጀው «ኢል ማነርስ» (2012) መደምደሚያዬን እንዳስተካክል ያስገድደኛል። የምሥራቅ ለንደን ወጣቶችን ሕይወት የሚተርከው የዘፋኙ ራፕ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ሌሎች ነው። በመደብ ረገድ ወደ «ብራይተን ሮክ» ተመልሰናል። የሚለያቸው ዘዬው ነው፤ ያ ማሳሰቢያ በመንግሥታዊ እንግሊዝኛ ከላይ ወደ ታች ይናገራል፣ ይህ ግን በሰፈሩ አንደበት ከውስጥ። ስለዚህ መደብ ብቻውን አይበቃም፤ ዘውጉን የሚመሠርተው የመደብና የዘዬ ጥምረት ነው።

ጉዳዩ ለአካባቢያችን ሩቅ አይደለም። በዩጋንዳ «ቪጄ» የሚባሉ ተራኪዎች የውጭ ፊልሞችን በሉጋንዳ እየተረኩ ለተመልካች ያቀርባሉ። እንዲህ ያለ ተራኪ «ጌት ካርተር»ን ቢይዝ፣ ባቡሩ ውስጥ ዝም ይላል ወይስ ይናገራል? ከተናገረ መደብ አልባው መክፈቻ ተራኪ ያገኛል፤ ፊልሙም ሌላ ውል ይገባል። ይህ የትርጉም ስሕተት አይደለም፤ አዲስ የዘውግ ምሥረታ ነው፤ በቃልም በጽሑፍም ሊመዘገብና ሊጠና ይገባዋል። የርዕስ መክፈቻን ከጽሑፉ ውጭ የሚያደርግ ጥናት ግን ሊያየው አይችልም። «ተረት ተረት»ን ቈርጦ ተረቱን ብቻ የሚገለብጥ መዝጋቢም እንዲሁ ነው፤ ቃላቱን ሁሉ ይዞ፣ እንዴት መሰማት እንዳለባቸው የሚያዘውን ቃል ያስቀራል።