የጠርዝ ዋጋ

ዘንድሮ ከተቀበልኋቸው ደቀ መዛሙርት አንዱ፣ ንግግሩ ጥቂት አሳቡ ግን ብርቱ የሆነ ወጣት፣ «መምህር፣ ጎኖቻቸውና ማዕዘኖቻቸው እኩል የሆኑ ቅርጾች ዙሪያቸው እኩል ከሆነ ጎኑ የበዛው ሰፊ ቦታ እንደሚይዝ፣ ክብም ሁሉን እንደሚበልጥ አስተምረውናል፤ ታዲያ ከአንድ ቤርጋ የቱቦላሬ ብረት የፕሪዝም ጠርዞችን ስንሠራ ጎነ ስድስቱ በይዘት ከኩቡ ስለ ምን አነሰ?» ሲል ጠየቀኝ። በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ የተቀበለውን ሕግ ወደ ጥልቀት ይዞ ገብቶ፣ ሕጉ በዚያ ስለ ምን እንዳልጸና የሚመረምር ተማሪ ለመምህሩ ታላቅ በረከት ነውና፣ የዕለቱን ትምህርት አቁሜ በጥያቄው ላይ ቆየሁ።

በሜዳ ላይ ለአንድ ጎን የሚከፈለው አንድ ጠርዝ ነው፤ በፕሪዝም ግን ለእያንዳንዱ ጎን አንዱ ለታችኛው ወለል፣ አንዱ ለላይኛው፣ አንዱም ለቋሚው፣ በድምሩ ሦስት ጠርዝ ይከፈላል። ስለዚህ ጎነ ስድስቱ 18 ጠርዝ ሲፈጅ ኩቡ 12፣ ጎነ ሦስቱም 9 ብቻ ይፈጃል። የቤርጋው ርዝመት 6 ሜትር ነውና፣ ጠርዞቹን ሁሉ እኩል ብናደርግ ጎነ ስድስቱ 96 ሊትር ያህል፣ ኩቡ 125፣ ከሁሉ ያነሰ ጎን ያለው ጎነ ሦስቱ ግን 128 ሊትር ያህል ይይዛል።

አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ባልንጀራዬ ይህን ሁሉ በካልኩለስ በሁለት መስመር ይጨርሰዋል፤ ዲሪቬቲቩን ከዜሮ ጋር አስተካክሎ መልሱን ያወጣል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ንባቡን ያሳያል እንጂ ምሥጢሩን አይተረጉምም። እኔ ተማሪው አስቀድሞ ወጪውን እንዲቆጥር አስገድደዋለሁ። ይዘቱ የወለሉን ጎን ሁለት ጊዜ፣ ቁመቱን አንድ ጊዜ በማባዛት የሚያድግ ሲሆን፣ የብረቱም ወጪ ለወለሉ ጎን ሁለት እጅ፣ ለቁመቱ አንድ እጅ ነው፤ ድምራቸው ከተወሰነ ሦስት ቁጥሮች ደግሞ ብዜታቸው የሚልቀው እኩል ሲሆኑ ነው። እንግዲህ 2 ሜትር ለታች፣ 2 ሜትር ለላይ፣ 2 ሜትር ለቋሚዎቹ ይደርሳል፤ ይህም ክፍፍል የወለሉ ጎኖች እኩል በሆኑበት ፕሪዝም ሁሉ፣ ጎኑ ስንትም ቢሆን፣ ሳይለወጥ ይጸናል። ይህን ያየ ተማሪ ቀመሩን ቢረሳ እንኳ ምክንያቱን አይረሳም፤ በዚህ ነገር ከባልንጀራዬ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም፣ ወደፊትም የምንስማማ አይመስለኝም።

የገጽ ስፋት ሲፈለግ ነገሩ ሌላ ነው። በሣጥን ቅርጽ የርዝመት፣ የወርድና የቁመት ድምር 1.5 ሜትር ነው፤ የዚህ ድምር ካሬ 2.25 ሲሆን፣ እርሱም ከገጹ ስፋትና ከአንዱ ማዕዘን በውስጥ አልፎ ተቃራኒውን ማዕዘን ከሚነካው መስመር ካሬ ድምር ጋር እኩል ነው። መስመሩ ባጠረ መጠን ገጹ ይሰፋል፤ የሚያጥረውም በኩብ ነውና ስፋቱ 1.5 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ጎነ ሦስቱ ግን ወለሉን ወደ 58 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ ቁመቱን ወደ 83 ካላሳደገ ከፍተኛውን ስፋት፣ 1.75 ካሬ ሜትር ያህሉን፣ አያገኝም። ከእነዚህ ፕሪዝሞች መካከል ሁለቱ ፍላጎቶች፣ ይዘትና ስፋት፣ በአንድ መልክ የሚገናኙት በኩብ ብቻ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

አባቴ በያጅ ነበረ፤ ብረቱን ከመቁረጡ በፊት በጠመኔ በወለሉ ላይ ሥሎ ለረጅም ጊዜ ይመለከተው ነበር፤ ቁርጥራጭ መጣልን እንደ ነውር ይቈጥር ነበርና። እኔ ከብየዳው ቤት ወደ ጥቁር ሰሌዳ ብሄድም፣ ከእርሱ ሙያ የተለየሁ መስሎ የማይታየኝ በዚህ የጠርዝ ጥያቄ ምክንያት ነው።

መልዛክ የተባለው የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ከፕሪዝም አልፎ፣ የጠርዛቸው ድምር እኩል ከሆነ ጠፍጣፋ ገጽ ካላቸውና ጎድጓዳ ካልሆኑ አካላት ሁሉ ይዘቱ የሚልቀው ይኸው ጠርዞቹ እኩል የሆኑት ጎነ ሦስት ፕሪዝም እንደሚሆን ገመተ፤ ግምቱን መናገር ቀላል ሲሆን ማረጋገጡ ግን እጅግ የከበደ ነው። ስለዚህ መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዲሪቬቲቩን ከማስተማራችሁ በፊት ለልጆቹ ብረት፣ ብረት ቢጠፋ ሽቦ ወይም ሸምበቆ ስጧቸው፤ ራሳቸው ቈርጠው፣ ራሳቸው ከፍለው ይዩት።