ለጉም ስድስት ቮልት

"ጋሼ፣ ሁለቱን አምፖሎች በተከታታይ ከምናስር ለእያንዳንዳቸው ሪዚስተር ብናስገባ አይቀልም?" አለኝ ልጁ።

ከቴክኒክና ሙያ ወጥቶ ጋራዣችን ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። ከስንፍና የመጣ ጥያቄ አልነበረም። ግማሽ ቀን የደከመበት አሮጌ ኮሮላ ኮፈኑን ከፍቶ ፊታችን ቆሟል። የግራው መብራት ደመቅ፣ የቀኙ ፈዘዝ ብሏል። ይባስ ብሎ መብራት የሌለበት የአጭሩ ክር እንኳ በሁለቱም አምፖሎች ውስጥ ፍም መስሎ ቀልቷል።

ባለቤቱ የጠየቀን ቀን ቀን ረጅሙ መብራት በግማሽ ቮልት እንዲበራለት ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት አምፖሎች ተከታትለው ሲታሰሩ ስድስት ስድስት ይካፈላሉ፤ ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው 14 ሲሰጥ ደግሞ ሰባት ሰባት። ችግሩ ኤች-4 አምፖል ባለሦስት እግር መሆኑ ላይ ነው፤ ረጅሙና አጭሩ ክር አንዱን እግር ይጋራሉ። ያንን የጋራ እግር በሪሌ ከኔጋቲቭ አንስተህ ወደ ሁለተኛው አምፖል ስትወስደው፣ ኤሌክትሪኩ በአጭሩ ክር በኩል የጓሮ በር ያገኛል። በአጭሩ መብራት ሽቦ ተሻግሮ በወዲያኛው አምፖል በኩል ኔጋቲቩ ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው አምፖል ድርሻውን የሚቀማው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱ የአጭሩንም ግንኙነት ቀን ቀን የሚቆርጥ ሌላ ሪሌ መጨመር ነው። ረጅሙና አጭሩ መብራት ለየብቻ አምፖል ያለው መኪና ከሆነ ግን ይህ ጣጣ የለም። አሮጌ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፤ ፖዘቲቩ ሁልጊዜ አምፖሉ ላይ ነው፣ የሚያበራው የሚያጠፋው በኔጋቲቩ ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ "ታዲያ ሪዚስተር!" አለ። እውነት ነው፣ ሪዚስተር የጓሮ በር አይከፍትም። ግን ቴስተሩን አምጥተን በአንዱ ክር የሚያልፈውን ለካን። ሦስት ተኩል አምፔር አለፈ። ሪዚስተሩ ላይ ሊወድቅ የሚገባው ሰባት ቮልት ነው። ሲባዛ 24 ዋት ተኩል፣ በሁለት አምፖል 49 ዋት ይሆናል። ያ ሁሉ ኃይል ለመንገዱ ምንም ሳያበራ ከፕላስቲክና ከሽቦ አጠገብ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በአንድ ሪዚስተር ምክንያት የቀለጠ ሶኬት ከአንድም ሁለት ሦስቴ በእጄ ነቅያለሁ። በተከታታይ ስታስር ግን ያው ሦስት ተኩል አምፔር ሁለቱንም አምፖል አብርቶ ያልፋል፤ የሚባክን የለም። የምከራከረው ለዚህ ነው፤ ዕድሜ ልኬንም እከራከራለሁ።

ሌላም የማልደራደርበት ነገር አለ። ሪሌው ኃይል ሳያገኝ ሲቀር መብራቱ ወደ ሙሉ ቮልት መመለስ አለበት። ብዙ ባለሙያ ገልብጦ ያስረዋል፤ ሪሌው ሲነሳ ሙሉ፣ ሲቀመጥ ግማሽ። ሪሌ ደግሞ ይሞታል። የሞተ ዕለት ሹፌሩ ማታ ገደል አፋፍ ላይ በግማሽ ቮልት ይቀራል። ቀኑን ሪሌው ይሸከመው፣ ሌሊቱ ግን ያለ ሪሌ መብራት መቻል አለበት።

በግማሽ ቮልት የሚበራ አምፖል ብርሃኑ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ከሙሉው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው የሚተርፈው። ለማየት ይህ ምንም ነው። ለመታየት ግን ይበቃል፤ የረጅሙ መብራት ጨረር ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ስለሚሄድ፣ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ሁለት ቢጫ ነጥብ ያያል። ዕድሜውን ካነሳን ደግሞ ቮልቱ በመቶ 5 ብቻ ሲቀንስ የክሩ ዕድሜ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በግማሽ ቮልትማ ክሩን የሚገድለው የኮሮኮንቹ ንዝረት ካልሆነ በቀር ሙቀቱ አይደለም።

ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከዓመታት በፊት ከካናዳ የመጣ አንድ መኪና ጋራዣችን ገባ። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ረጅሙ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል፤ ማጥፊያ የለውም። ሦስት ሆነን "የኔጋቲቭ ችግር ነው" ብለን ቦዲውን በብርጭቆ ወረቀት ስንፈቅ ዋልን። ኋላ ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ ብልሽት እንዳልሆነ ገባኝ፤ ፋብሪካው አስቦ ያደረገው ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1989 ጀምሮ የሚመረት መኪና ሁሉ የቀን መብራት እንዲኖረው አስገድዳለች። ስዊድን ከዚያ ቀድማ፣ በ1977፣ ሹፌሩ ቀን መብራት አብርቶ እንዲነዳ ደንግጋ ነበር። ያን ዕለት ጓደኞቼ መብራቱን ቆርጠው ሸኙት። እኔ የሽቦውን ሥዕል በወረቀት ገልብጬ አስቀረሁ።

ያስቀረሁበት ምክንያት ነበረኝ። ይህን ሙያ ከመያዜ በፊት በደሴ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ጣርማበርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ካስቆፈረው ዋሻ ስትወጣ ጉሙ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከኮፈኑ አልፎ አይታይም። አንድ ጠዋት ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ከነጩ ውስጥ የጭነት መኪና አፍንጫ ብቅ አለ። መብራት የለውም። የእኛ ሹፌር መሪውን ወደ ተራራው ሰበረ፤ የጎን መስታወታችን ተገንጥሎ ሄደ። ሁለቱም ቆሙ። ያኛው ሹፌር ወርዶ እጁ እየተንቀጠቀጠ የተናገረው ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም፦ "አምፖሉ እንዳይቃጠልብኝ ብዬ ነው።"

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። አምፖል ውድ ነው፣ ባትሪም እንዲሁ። የሰጠው ምክንያት የድሃ ምክንያት ነው፤ እኔም የምሠራው ያንን ምክንያት ከእጁ ለመውሰድ ነው። ሪሌና ጥቂት ሜትር ሽቦ ሶማሌ ተራ ይገኛል። አምፖሎቹ የራሱ ናቸው። በሙሉ መብራት ሁለቱ አምፖሎች 120 ዋት ሲበሉ፣ በተከታታይ 50 እንኳ አይሞሉም።

ልጁ አንድ ነገር እንዲያምታታ ግን አልፈልግም። ቮልት ሲቀንስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ባለሙያ አስቦ የቀነሰው፣ ሌላው የዛገ ሶኬትና የተበላ ሽቦ የሰረቀው። በዚያው ኮሮላ ላይ አሳየሁት። ባትሪው ላይ 13.8፣ የአጭሩ መብራት ሶኬት ላይ 11.5። ሁለት ነጥብ ሦስት ቮልት ጠፍታ ከሌሊቱ ብርሃን ግማሽ ያህሉን ይዛ ሄዳለች። ባለቤቱ ዓይኑ የደከመ መስሎት መነጽር አሠርቷል። አዲስ ሽቦ ቀጥታ ከባትሪ ስበን፣ ኔጋቲቩን ፍቀን ስናስር 13.4 ሆነ። ቀን የሚቀነሰውን ከማሰብህ በፊት ሌሊት የተሰረቀውን አስመልስ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ማምሻውን ልጁ ሁለተኛውን ሪሌ አስገብቶ፣ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሎ ሞተሩን አስነሳ። ሁለቱም መብራት እኩል ፈዘዝ አለ። ሳይናገር ፊት ለፊት ቆሞ ብዙ አየው። እኔም ከአጠገቡ ቆምኩ።

በሳምንቱ ባለቤቱ ተመልሶ መጣ። "አንሱልኝ፤ መንገደኛው ሁሉ መብራትህ በርቷል እያለ እጁን ይከፍትልኛል፣ ይዘጋልኛል" አለ። ብዙ ደንበኞቼ በዚህ ምክንያት አስነቅለዋል። ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው፤ ወደ ጣርማበር የሚወጣ ሹፌር ሲመጣ ሥሩለት፣ ሲያፍርበትም ታግሳችሁ አስረዱት። መንገደኛው እጁን የከፈተለት መብራቱን ከሩቅ ስላየው ነው።