የላሊበላ ዓምድና የጉሊቷ ሴት
ስለ ሠዓሊና መምህር ታደሰ መስፍን ሥራዎች

አንድ አገር በሥዕል ሲገለጥ ተራራውና ወንዙ ብቻቸውን አይበቁም። መሬት የሚታወቀው በሚያርሰው፣ በሚያጭደውና ምርቱን ተሸክሞ ገበያ በሚያወጣው ሰው ነው። ይህን ያልተገነዘበ የመልክዐ ምድር ሥዕል፣ ቀለሙ ምን ቢያምር፣ ከፖስታ ካርድ አይዘልም። የላስታ ደጋ በዚህ ረገድ ብዙ ተበድሏል። ላሊበላ በተባለ ቁጥር በሸራ ላይ የሚመጣው ከአፋፍ ወደ ታች የታየው የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ቆርጦ ወደ ከተማይቱ ገበያ የሚተመው ሕዝብ ግን ከሥዕሉ ውጭ ይቀራል።

ከዚህ የከበደም ጉዳይ አለ። ወሎ ለዓለም የታወቀችው በቀለምና በብሩሽ ሳይሆን በካሜራ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ምስል የተደበቀውን ረሃብ ገሃድ አውጥተው የብዙዎችን ሕይወት ለማትረፍ ረድተዋል። ውለታቸው የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ በተመልካች ኅሊና ውስጥ መሬት ላይ የወደቀ፣ እጁን የዘረጋ ሰው ቀርቷል። የወሎ ሰው ቆሞ የሚታይበትን ሥዕል ማን ይሥራ? የታደሰ መስፍን ሥራ መመዘን ያለበት በዚህ ጥያቄ ነው።

ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1953 በወልድያ ተወለዱ። የመጀመሪያው የሥዕል ትምህርታቸው በልጅነት ያዩት የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ነው። ከዚያም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም ከኮሎኝ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕልን ካስተዋወቀው ከሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ተማሩ። ቀጥሎም በሶቪየት ኅብረት በሌኒንግራድ ከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በተማሩበት ቤት መምህር ሆኑ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ረቂቁ ሥዕልና የሌኒንግራድ የአካል ጥናት በአንድ እጅ ተገናኙ ማለት ነው።

የዚህ ግንኙነት ውጤት «የሕይወት ዓምዶች» በተባሉት ተከታታይ ሥዕሎች ይታያል። ርእሰ ጉዳያቸው በከተሞቻችን መንገድ ዳር ጉሊት ዘርግተው የሚውሉ ሴቶች ናቸው። ከፊት ያለችው ሴት ረዝማና ገዝፋ ሸራውን ትሞላዋለች፤ ከኋላዋ ያሉት እያነሱ ከቀለሙ ጋር ይዋሐዳሉ። ዋናውን ሰው ማግዘፍ ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ሥርዓት ነው። መደቡም እንዲሁ ነው። በጥንቱ ሥዕል ሩቅ ተራራ፣ ጥልቅ ሸለቆ አይፈለግም፤ ምድር ማለት ከቅዱሱ እግር በታች ያለ የቀለም መስክ ነው። በታደሰም ሸራ መሬቱ ተከፋፍሎ የቀለም ገበታ ሆኗል። ታዲያ መልክዐ ምድሩ የት ገባ ቢባል፣ ከሴቲቱ እግር ሥር ነው። ማሳው በአትክልቱና በፍሬው፣ ክረምትና በጋው በምርቱ ዓይነት ይነበባል።

«ዓምድ» የሚለው ስም ለላስታ አገር ሰው የተለየ ትርጉም አለው። በሌላው ዓለም ዓምድ ተጠርቦ፣ ተጓጉዞ፣ ተነባብሮ የሚቆም ነው። በቤተ መድኃኔ ዓለም ውስጥ ያሉት 28 ዓምዶች ግን ከሌላ ስፍራ አልመጡም፤ ዙሪያቸው ያለው ድንጋይ ተፈልፍሎ ሲወጣ የቀሩ ናቸው። ሸራዎቹ የላሊበላን ገበያ ለይተው የሚያሳዩ ባይሆኑም፣ የጉሊቷ ሴት በዚህ ትርጉም ዓምድ ናት። ድርቅ፣ ስደትና ጦርነት ዙሪያዋን ሲያነሡት ቤቱን ይዛ የቀረች እርሷ ናት።

ሂስ ግን በውዳሴ አያበቃም። ሠዓሊው በተማሩበት በሌኒንግራድ ከተማ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 የተጠናቀቀው የኢልያ ሬፒን «የቮልጋ ጀልባ ጎታቾች» ይገኛል። ሬፒን ያን ታላቅ ወንዝ ያሳየው ጀልባውን በሚጎትቱት 11 ሰዎች አማካይነት ነው፤ ጠፍሩ በደረታቸው ላይ ሲያርፍ የድካሙ ክብደት ይታያል። በታደሰ ሴቶች ላይ ይህ ክብደት ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ፀሐዩ አያከስላቸውም፤ የገዢው ክርክር፣ የደንብ አስከባሪው ማሳደድ፣ ሳይሸጥ የመሸበት ምርት በፊታቸው ላይ ምልክቱን አይተውም። ጸጥታቸው ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ሲደጋገም ዓምዱ ወደ ጌጥ የማዘንበል አደጋ ይገጥመዋል። ሥዕሎቹ ለንደን ድረስ ሄደው በአዳራሽ ሲታዩ ይህ አደጋ ይጨምራል፤ የሩቁ ተመልካች ውበቱን ተቀብሎ ሸክሙን ሊረሳው ይችላል። ክብር የሚጸናው ሸክሙ ሲታወቅ ነው። እንዲህም ሆኖ፣ ከረሃቡ ምስል በኋላ ሴቲቱን ቀና አድርጎ ማቆም በራሱ ትልቅ ሥራ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

የመምህሩ ሥራ ደግሞ ከሠዓሊው ሥራ ያነሰ አይደለም። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል መሪኮከብ ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ትርኢት ላይ ሥራዎቿን አቅርባለች፤ ተስፋዬ ኡርጌሳም እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው መድረክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በከፈተችው ብሔራዊ አዳራሽ አገሩን ወክሏል። የእርሷ ሥዕል ወደ ረቂቁ ያደላ፣ የእርሱ የተጨነቀና የተጠላለፈ የሰው አካል ነው። ሁለቱም መምህራቸውን አይመስሉም። ተማሪው የመምህሩን እጅ ሳይሆን የመምህሩን ማየት ሲወርስ ትምህርቱ ሰምሯል ማለት ነው።

ይህ ልምድ በአዲስ አበባ ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም። በላስታ የሚያስተምር የሥዕል መምህር፣ የባህል ሥራ የሚመራ ካድሬም ቢሆን፣ ተማሪውን የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶግራፍ እንዲገለብጥ ከማስቀመጡ በፊት ወረቀትና እርሳስ አስይዞ ቅዳሜ ገበያ ይውሰደው። በዚያ ገብሱን ሰፍራ የምትሸጠውን ሴት፣ የአቋሟን ቀጥታና የጀርባዋን ድካም አንድ ላይ አይቶ ይሣል። አለቱን ለመሣል የሚያበቃው እይታ ከዚያ ይጀምራል።