ኃይሉ መርጊያና የሚርገበገበው ድምፅ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ጉምና ዋሻ ይቀበሉታል። በቅርቡ ለሠርግ ስሄድ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቦረቦሩት ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሬዲዮው ተንጫጭቶ ጠፋ፤ ሾፌሩም ፍላሹን ሰካ። የወጣው ዘፈን ሳይሆን አኮርዲዮን ነበር፤ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ»። በቁልቁለቱ ጆሮዬ እየተደፈነ እስከ ደብረ ሲና ሳዳምጠው፣ ከዚህ ቀደም ልብ ያላልኩትን ነገር ሰማሁ።

ኃይሉ ደብረ ብርሃን የተወለደ ነው፤ ጣርማ በር እንግዲህ ደጁ ነው ማለት ይቻላል። ሂልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ተሻግሮ እዚያው ቀረ፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ሙዚቃ ተማረ። ይህን ሥራ ዋሽንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ያለ ባንድ፣ መሣሪያዎቹን ራሱ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበ ነው፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም «ዓለም አገኘው» ተባለ፤ ጠፍቶ የቆየው ከማን እንደሆነ ባይገባኝም።

አሁን ስለ ማሽኑ ጥቂት ልበል። ሲንተሳይዘር ውስጥ ድምፁን ከሚፈጥረው አወዛዋዥ ሌላ፣ ራሱ የማይሰማ ዘገምተኛ አወዛዋዥ አለ፤ ባለሙያዎች ኤልኤፍኦ ይሉታል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ጊዜ ያነሰ ንዝረትን እንደ ድምፅ አይቀበለውም፤ ይህኛው ደግሞ በሴኮንድ አምስት ስድስት ጊዜ ቢወዛወዝ ይበቃዋል። ሥራው ሌላውን ይዞ መነቅነቅ ነው። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ሲይዝ ድምፁ ይርገበገባል፤ ጉልበቱን ሲይዝ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፊልተሩን ሲይዝ ደግሞ አፍ እየከፈተ የሚዘጋ ሰው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍል አልነበረውም፤ ከሦስቱ አወዛዋዦች ሦስተኛውን አዝግሞ ይጠቀምበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው ዲኤክስ 7 ግን የራሱ አለው፤ የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ጣት ቁልፉን ከነካ በኋላ ንዝረቱ ጥቂት ዘግይቶ እንዲጀምር ማዘዝ መቻሉ ነው።

ይህች መዘግየት ለእኛ ጆሮ ትልቅ ነገር ናት። አዝማሪ ድምፁን ሲያንቆረቁር ገና ከአፉ ሲወጣ አያርገበግበውም። መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከዚያ ነው የሚፈታው፤ ፍጥነቱም እንደ ግጥሙ ይለዋወጣል። ማሲንቆ ላይም ጣቱ ጭራው ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብዙ የኪቦርድ ዘፈኖቻችን የሚያሰለቹኝ እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ኖታ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት እኩል ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ እንደያዘው ሰው።

ኃይሉ ከዚህ ያመለጠው፣ እንደ እኔ አሰማም፣ ዜማውን ለአኮርዲዮን በመስጠቱ ነው። አኮርዲዮን የራሱ ኤልኤፍኦ አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በብዙዎቹ አኮርዲዮኖች ለአንድ ኖታ ሁለት የብረት ምላሶች በጥቂቱ ተለያይተው ይቃኛሉ፤ ልዩነታቸው ድምፁን ያርገበግበዋል። ነገር ግን ከሥሩ ወናፍ አለ፤ ወናፉን የሚገፋውም ክንድ ነው። ክንድ ይደክማል፣ ይጓጓል፣ ይቆጠባል። ሲንተሳይዘሩ ከኋላ ሆኖ እያጀበ፣ ከፊት ያለው ድምፅ ሲተነፍስ ይሰማል። የከበሮው ማሽን ግን ደረቅ ነው፤ አንዳንዱ ዜማ ላይ ከሰዓት ቆጣሪ አይለይም። ይህን የምለው ሥራውን ስለምወደው ነው። ብቸኝነቱን ያሰማው ያ ድርቀት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም፤ አንድ ከበሮ መቺ አጠገቡ ቢኖር ምን ይሆን ነበር እያልኩ ነው የማዳምጠው።

ማታ ሸዋ ሮቢት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ዳሱ ውስጥ አንድ ወጣት ኪቦርድ ይጫወታል፤ አጠገቡ አንድ አዛውንት ማሲንቆ ይዘው ተቀምጠዋል። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ጣቶቹ የዜማውን መንገድ ያውቁታል። ነገር ግን ሁሉም ኖታ ይንቀጠቀጣል። አዛውንቱ ድምፃቸውን ሊያሳርፉ የሚፈልጉባት ቦታ እየተነቃነቀች ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩና ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ማንም ልብ አላለም፤ ጭፈራው ቀጠለ።

በእረፍቱ ወደ ልጁ ጠጋ ብዬ፣ በግራ እጁ በኩል ያለችውን ንዝረት የምትጨምርና የምትቀንስ ጎማ እያሳየሁት፣ «እስቲ ይህችን ወደ ታች አውርዳትና ለእሳቸው ቦታ ልቀቅላቸው» አልኩት። የአዋቂነት ስሜት እንደተሰማኝ አልሸሽግም።

«ጋሼ፣ ተሰብራለች እኮ» አለኝ እየሣቀ። «ስገዛውም አሮጌ ነበር። እላይ እንደቆመች ናት።»

ከዚያ የጎማዋን ጠርዝ በጥፍሩ እየገፋ ሞከረልኝ፤ አልወረደችም። አዛውንቱ የምንሠራውን ሲያዩ ቆይተው፣ ማሲንቋቸውን አነሡና ልጁን ድምፁን ትንሽ እንዲቀንስ በእጃቸው ጠቆሙት።