የአቶ ቡልቻ ለዘብተኝነት ምን ነበር?

አቶ ቡልቻ ደመቅሳ በ2017 ዓ.ም. ሲያርፉ ስልኮቻችን በሐዘን መግለጫ ተሞልተው ነበር። እኔም በየማታው ሥራ ስጨርስ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ብዙ አንብቤያለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ናቸው፦ የተማሩ፣ ረጋ ያሉ፣ ቁጡ ያልሆኑ፣ ለዘብተኛ፣ የአገር ሽማግሌ። ይሄ ውሸት አይደለም። ግን አያጠግብም። የሞተ ሰው ክፉ አይነሳበትም ይባላል፣ እኔም ክፉ ላነሳ አልመጣሁም። ምስጋና ብቻ ሲሆን ግን ሰውየው ምን እንደሠሩ ሳናውቅ እንቀብራቸዋለን። «ለዘብተኛ» የሚለው ቃል ራሱ ተጨማሪ አፈር ሆኖባቸዋል ባይ ነኝ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

በሃያዎቹ ዕድሜ ላለን ልጆች ማን እንደነበሩ ባጭሩ ላንሳ። የተወለዱት ምዕራብ ወለጋ፣ ቦጂ ነው። አሜሪካ፣ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በጃንሆይ ጊዜ የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ በዓለም ባንክና በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ለብዙ ዓመት ውጭ አገር ሠርተዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላ አገር ቤት ተመልሰው አዋሽ ባንክን ካቋቋሙት ሰዎች ቀዳሚው ሆኑ። ለ1997 ምርጫ ደግሞ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን፣ ኦፌዴንን፣ መሥርተው ፓርላማ ገቡ። ይህ ፓርቲ በ2004 ዓ.ም. ከፕሮፌሰር መረራ ጉዲና ፓርቲ ጋር ተዋህዶ ዛሬ ኦፌኮ የምንለው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ሆነ።

እንግዲህ እኚህ ሰው የኦሮሞ ብሔርተኛ ነበሩ። ይህን ደብቆ «ለሁሉም የሆኑ አባት» ብቻ ማለት ልክ አይደለም። የቆሙት ለኦሮሞ ሕዝብ መብት ነው፣ እሳቸውም አልደበቁትም። ለዘብተኛ ያሰኛቸው መንገዳቸው ነው። መገንጠል አላሉም፣ ጠመንጃ አላሉም፣ ፓርላማ አሉ። ታዲያ ይህ መንገድ የሚያስከትለውን እናውቀዋለን። ያኔ ስለ ኦሮሞ መብት የሚያነሳ ሰው ከአንዱ ወገን «ጠባብ» ይባል ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነን በሕግ እንጠይቅ ሲል ደግሞ ከራሱ ወገን «ጎበና» ይባላል። ራስ ጎበና ዳጬ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ስማቸው አሁንም ለስድብ ይውላል። መሃል ላይ የቆመ ሰው ዱላው የሚመጣበት ከሁለት በኩል ነው።

የሐዘን መግለጫዎቹን የምተቸው እዚህ ላይ ነው። ለዘብተኝነትን የጠባይ ነገር አደረጉት፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ የመናገር ነገር። ቢሆን ኖሮ ማንም ዝምተኛ ሰው ለዘብተኛ ፖለቲከኛ በሆነ ነበር። የሰውየውን ለዘብተኝነት ለማወቅ ጠባያቸውን ትተን ሥራቸውን እንይ።

መጀመሪያ ፓርላማው። ግንቦት 1997 ከነበረው ምርጫ በኋላ ምን እንደሆነ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ታሰረ፣ ከቅንጅት የተመረጡት ብዙዎቹ ምክር ቤት አንገባም አሉ። ኦፌዴን 11 ወንበር ነበረው። ምክር ቤቱ 547 ነው። አቶ ቡልቻና ጓደኞቻቸው ገቡ። ያን ጊዜ መግባት በብዙ ሰው ዓይን ክህደት ነበር። እኔ ግን እንዲህ ነው የማየው፦ አሥራ አንድ እጅ ሕግ አያሳልፍም፣ ሕግም አይሽርም፤ ጥያቄን ግን መዝገብ ላይ ያስቀምጣል። በዚያ ቤት ተነስቶ መጠየቅ ማለት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው እየሰሙ፣ ቤቱ እየሳቀብህ መጠየቅ ነው። በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜ ይህን ማድረግ ልስላሴ አይባልም።

የሚጠይቁትስ ምን ነበር? በአብዛኛው የተጻፈው ይፈጸም ነው። ሕገ መንግሥቱ አገሪቱ ፌዴራላዊ ናት ይላል፤ እንግዲያው ክልሎች በእውነት ራሳቸውን ያስተዳድሩ። አንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም አላት፣ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል፤ እንግዲያው ሕጉ ይውጣ። አፋን ኦሮሞ በሚሊዮኖች የሚነገር ነው፤ እንግዲያው የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ይሁን። የመጨረሻው ጥያቄ ያኔ አገር እንደማፍረስ ይቆጠር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞን ጨምሮ አራት ቋንቋዎች ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚል ፖሊሲ አጸደቀ። አገር በዚህ ምክንያት አልፈረሰችም።

«የተጻፈው ይፈጸም» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እዚህ ኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ አለ፣ ቁጥር 15፣ በፈረንጆቹ 2017 የወጣ። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይላል። አል ራያን ወይም ወክራ ሄዳችሁ ግን ዓርብን በመስኮት ብቻ የምታይ ልጅ ታገኛላችሁ። ያቺ ልጅ መዳሟን «ሕጉ እኮ እንዲህ ይላል» ለማለት የሚያስፈልጋት ድፍረት ከመጥፋት አያንስም። በሌሊት የምትጠፋዋን እንረዳታለን፣ የምትጮኸውንም እንረዳለን። ቆማ፣ ሕጉን ጠቅሳ፣ መልስ የምትጠብቀዋን ግን ፈሪ እንላታለን። አቶ ቡልቻንም ያልናቸው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ሥራቸው ባንኩ ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችን ወርሶ ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ በአገራችን የግል ባንክ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1986 ሕግ ሲፈቅድ መጀመሪያ የተነሳው አዋሽ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. በ486 ባለአክሲዮኖች፣ በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። ስሙ የወንዝ ስም ነው። ወንዙ ከኦሮሚያ ተነስቶ አፋር ይገባል፣ የአንድ ብሔር ብቻ አይደለም። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ኦሮሞ እንደነበሩ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ከመካከላችን የወሎዋም፣ የጅማዋም፣ የወላይታዋም ልጅ ደመወዟን በዚያ ባንክ በኩል ለእናቷ ትልካለች። መስኮቱ ላይ የሚጠየቀው የሒሳብ ቁጥር ነው፣ ማንም ብሔርሽ ምንድነው አይልም።

በእኔ አስተያየት የአቶ ቡልቻ ትልቁ የፖለቲካ ሥራ ይህ ባንክ ነው፣ ምንም እንኳ ፖለቲካ ተብሎ ባይቆጠርም። ኦሮሞ በአገሪቱ ሀብት ውስጥ ድርሻ ይኑረው የሚለውን ጥያቄ ሌላውን ሳይነቅሉ መለሱበት። የአንዱ ኪሳራ የሌላውም ኪሳራ የሚሆንበት ነገር ሠሩ። እቁብ የገባች ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ ጣይዋ ከየትም ትምጣ፣ ከጠፋች የሁላችንም ብር ነው የሚጠፋው።

አሁን ደግሞ ትችቴን። 24.2 ሚሊዮንን ለ486 ሰው ስታካፍሉት ለአንድ ሰው ወደ ሃምሳ ሺህ ብር ይመጣል። በ1987 ዓ.ም. ሃምሳ ሺህ ብር የገበሬ ብር አልነበረም። ባንኩ ሲጀመር የከተማና የባለሀብት ነበር። የገበሬው ድርሻ መሆን የነበረበት ፓርቲው ነው። ፓርቲው ግን የቆመው በጥቂት የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ስም ላይ ነበር። የተከበሩት ሽማግሌ በምክር ቤት ሲናገሩ ዋጋውን የሚከፍሉት ከሥር ያሉት ናቸው። ምክትላቸው የነበሩት አቶ በቀለ ገርባ በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ታስረው ዓመታት ቆይተዋል። ስሙ ያልተጠራ የወረዳ አባልማ ስንት ይሆን! በ2002 ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547ቱ ሁለት ወንበር ብቻ ሲቀሩ ሁሉንም ወሰዱ። የኦፌዴን 11 ወንበር በዚያው ጠፋ።

በሩን የዘጋው መንግሥት ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ባንኩ መሪው ሲወርዱ አልወደቀም፣ ፓርቲው ግን ያለ ትልልቅ ስሞች መቆም አልቻለም። ባንኩ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ድርሻ ነበረው። ፓርቲው ውስጥ ለተራው ሰው የተረፈው ማጨብጨብና መታሰር ነው። ወጣቱ «በፓርላማ ጠይቀን ምን አገኘን?» ብሎ ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ አንዳንዱም ወደ ጫካ ሲሄድ፣ ለዘብተኞቹ እጁ ላይ የሚያስቀምጡለት ነገር አልነበራቸውም።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ታሪክ አይደለም። የምሠራበት ቤት መዳም የአየርላንድ ሰው ናት። ስለ አገሯ ስታወራ ጆን ሂዩም የሚባል ሰው ስም ሳታነሳ አትቀርም። ሂዩም የሰሜን አየርላንድ ካቶሊኮች መሪ ነበር፤ አየርላንድ አንድ እንድትሆን ይፈልጋል፣ ቦምብ ግን አይፈልግም። አስተማሪ ነበር። ፓርላማ ከመግባቱ በፊት፣ በ23 ዓመቱ፣ ደሪ በምትባል ከተማ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከኪሳቸው ባወጡት ጥቂት ፓውንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። ባንክ ለማያበድራቸው ድሆች ነበር። በኋላ በፈረንጆቹ 1998 የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፣ እሱም ከዴቪድ ትሪምብል ጋር ኖቤል ተሸለመ። ግን ሰላሙ ከመጣ ከሦስት ዓመት በኋላ በምርጫ የእሱን ፓርቲ የበለጠው ከታጣቂዎቹ ጋር የነበረው ሺን ፌን ነው። ለዘብተኛ የዘራውን ሌላ ያጭዳል። ቁጠባ ማኅበሩ ግን እስካሁን አለ። የሂዩም ማኅበር ከአዋሽ የሚለየው ከታች መጀመሩ ነው፤ ሦስት ሳንቲም ያላትም ሴት ትገባለች። አቶ ቡልቻ ባንኩን በሠሩበት እጅ ለቦጂ ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢጨምሩበት ኖሮ እላለሁ።

አንዳንድ እህቶቼ «አንቺ የወሎ ልጅ ሆነሽ ስለ ወለጋ ፖለቲከኛ ምን አገባሽ?» ይሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ብዙ ሕዝብ ወለጋ ሰፍሯል፣ የአክስቴም ቤት ከነዚያ ውስጥ ነው። ልጆቿ አፋን ኦሮሞ እየተናገሩ ነው ያደጉት። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ አማሮች ሲጨፈጨፉ፣ ከዚያም በኋላ፣ ብዙ ሰው ንብረቱን ጥሎ ሸሽቷል። የአክስቴ ልጆች ደብረ ብርሃን በመጠለያ ኖረዋል። የኦሮሞው ገበሬም በመንግሥት ወታደርና በታጣቂው መሃል ሆኖ ልጁን እየቀበረ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው አቶ ቡልቻ በተወለዱበት ዞን ነው። «የኛ ሰው እያለቀ ለዘብተኛ ምን ያደርግልናል?» ለሚል መልሴ ይኸው ነው፦ የአክስቴን ልጆችና ጎረቤታቸውን የኦሮሞ ገበሬ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ፖለቲካ ከሌላ ከማንም አይመጣም። ለጀግናው የሚዘፈነው ጀግናው ሌላውን ሲያባርር ነው፤ ለተባረረው የሚዘፍን የለም።

አቶ ቡልቻ ስለ ሕይወታቸው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጽፈዋል። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሕይወቴ፦ ለኦሮሞና ለሌሎች የኢትዮጵያ ሕዝቦች ያለኝ ራዕይ» ይሆናል። መጀመሪያ ኦሮሞ ይላል፣ አያፍርበትም። ቀጥሎ «ለሌሎች» ይላል፣ አይረሳም። ከመግለጫዎቹ አንዳንዱ የፊተኛውን ቆረጠው፣ አንዳንዱ የኋለኛውን። ለእኔ ለዘብተኝነታቸው ሁለቱን በአንድ መስመር መጻፋቸው ነው።

ይህን ወደ ማኅበራችን ላምጣው። ባለፉት ዓመታት አገር ቤት በተተኮሰ ቁጥር እኛም ዓርብ ስንገናኝ በየቋንቋችን ተለያይተን መቀመጥ ጀምረናል። ተበትነው የቀሩ እቁቦች አሉ። የታመመች ስትኖር ወይም አስከሬን የሚላክ ሲኖር ግን አሁንም አብረን እናዋጣለን። እሱ የእኛ አዋሽ ነው፤ እሱን ከነካነው ሌላ የሚቀረን የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መተዳደሪያ ደንባችን ማኅበሩ የሁሉም ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ነው ይላል፤ ይህች መጽሔት ግን ከዳር እስከ ዳር አማርኛ ናት። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ቢያንስ ሁለት ገጽ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይሁን። የሚጽፉ ልጆች አሉን፤ ሦስቱን አነጋግሬ እሺ ብለውኛል። ሁለተኛ፣ የወር መዋጮው 20 ሪያል ለማትችል እህት 5 ሪያል ይሁንና ድምፅ ይኑራት። የተጻፈው ይፈጸም። በመጪው ዓርብ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ፤ የምትደግፉኝም የምትቃወሙኝም ኑ።