የስልክ ወንፈል፤ በቴሌግራም ስለሚደረገው የትምህርት ትብብር ከራያ ቆቦ አንጻር የቀረበ ሒስ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በኮሌጃችን ተማሮች መካከል በየጊዜው የሚሰማው ክርክር ነው። ክርክሩም ተማሮች በቴሌግራም ግሩፕና ይህን በመሳሰሉት የኢንተርኔት መገናኛዎች እርስ በርሳቸው መማማራቸው ትምህርታችንን አሻሽሎታል ወይስ አበላሽቶታል የሚል ነው። አንደኛው ወገን ስልክ መጽሐፍ ለሌለው መጽሐፍ፣ አስተማሪ ለሌለው አስተማሪ ሆኗል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ስልክ ተማሪውን ሰነፍና ቀጂ አድርጎታልና ከትምህርት ቤት ይውጣ ይላል። እኛ ግን ሁለቱን ወገኖች ብዙ ጊዜ ካዳመጥን በኋላ፣ ክርክራቸው ስለ መሣሪያው እንጂ በመሣሪያው ስለሚሠራው ሥራ አለመሆኑን ተረዳን። ስለዚህ ነገሩን ከፊሎቻችን ከተወለድንበት ከራያ ቆቦ ቆላ ተነሥተን ልንመረምረው ወደድን።

ቆቦ ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ ደግሞ የላስታ ደጋ ጫፍ ይታያታል። መካከሉ ሜዳ ነው፤ ዋናው አዝመራም ማሽላ ነው። የዚህ ሜዳ ገበሬ ሰማዩን ብቻ አምኖ አይዘራም። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ እርሻው ያገባዋል እንጂ። ጎርፉ ሲመጣ በድንገት ይመጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል። ቦዩን አስቀድሞ ያበጀ ሰው ማሳው ውሃ ይጠጣለታል፤ ያላበጀው ግን አፈሩን ሳይቀር ይወሰድበታል። ቦዩን ማበጀት የአንድ ሰው ጉልበት ስለማይችለው ገበሬዎቹ ተባብረው ይቆፍሩታል፤ ውሃውንም በተራ ይካፈሉታል፤ ተራውን የሚያስጠብቅ ሽማግሌም ይመርጣሉ። ይህን ሥርዓት እዚህ ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለአገራችን ትምህርት መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት መሣሪያ ቴሌግራም የመጀመሪያው አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በሳተላይት አማካይነት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰራጭ ነበር። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ በከተማና በገጠር ያለው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነበርና። ዳሩ ግን ሥርጭቱ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ስለሚወስድ አስተማሪው ተመልካች ሆነ፤ ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ቢያወጣም ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም፤ መብራት በጠፋ ቀንም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። የፕላዝማው ጉድለት ስንፈተ መሣሪያ አልነበረም፤ ጉድለቱ ትምህርትን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው የሚፈስ ነገር አድርጎ መቁጠሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ፣ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ተደረገ። ለዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሮችም ጽሑፍ በኢሜልና በቴሌግራም ይላክ ጀመር። በዚያን ጊዜ በከተማ የነበረው ተማሪ ፓኬጅ ገዝቶ ትምህርቱን ሲከታተል፣ የቆላው ተማሪ ከከብት ኋላ ዋለ። የቴሌግራምን አገልግሎት የምናመሰግን ሁሉ ይህን ልዩነት ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ስልኩ በአባት እጅ ባለበት፣ ቻርጅ ለማድረግም ወደ ከተማ መውረድ በሚያስፈልግበት ቤት፣ የኢንተርኔት ትምህርት የሚባለው ነገር የሌላ ሰው ወሬ ነው።

ይህም አልበቃ ብሎ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። አካባቢው ለወራት በጦርነት ሥር ሲቆይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ ፈረሱም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ተመለሰ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ነገር ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በሌላ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘጋ። እንግዲህ የቆቦ ተማሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትምህርቱ በበሽታ፣ በጦርነትና በግጭት የተቋረጠበት ተማሪ ነው። ያን ተማሪ «በኢንተርኔት ተማር» ብሎ መምከር ጎርፉ ባለፈበት ቦይ አጠገብ ቆሞ ውሃ ጠጣ እንደማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው በክፉው ጊዜ አንድ ልናስተውለው የሚገባ ነገር ታይቷል። ኔትወርክ በሌለበት ተማሮች ፋይሉን በሜሞሪ ካርድና በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉት ነበር። አንዱ ወልድያ ወይም ደሴ ደርሶ ሲመለስ የመጽሐፍ ፒዲኤፍና የፈተና ጥያቄ ጭኖ ይመጣል፤ ሌሎቹም ከእርሱ ይገለብጣሉ፤ ከዚያም በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀምጠው ያነባሉ። አንዱ ያነባል፤ የገባው ላልገባው ያስረዳል። በዚህ አኳኋን ሲታይ ትብብሩ ከኢንተርኔቱ የተለየ ነገር መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ትብብሩ የነበረው በተማሮቹ ዘንድ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሊያግዘው ይችላል፤ ሲሄድ ግን ይዞት አይሄድም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድለት እንመለስ። ሌላውን ከመንቀፍ በፊት ራስን መንቀፍ ይገባልና። እኛ በምንማርበት ክፍል ሁሉም ተማሪ አባል የሆነበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። አንድ ጊዜ አሳይንመንት ታዘዝን። ከመካከላችን አንዱ ጎበዝ ሠርቶ ግሩፑ ላይ አኖረው፤ ብዙዎቻችንም ቃሉን እየለዋወጥን ገለበጥነው። ልጁ ግን በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ተሳስቶ ነበር። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልን ያው ስሕተት፣ በያው መሥመር፣ በብዙዎቻችን ወረቀት ላይ ተገኘ። መምህራችን ሳይቈጡ «ይህን ስሕተት ያገኘው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። አንድም ሰው አልመለሰም፤ ስሕተቱን ያነበበው አልነበረምና። ሠሪውም ቢሆን የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ከትብብሩ ምንም አልተጠቀመም። ይህን ነገር «እርስ በርስ መማማር» ብለን መጥራታችን ያሳፍረናል።

የአገራችን ገበሬ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ የተለየ ቃል አለው። ደቦ ሲባል ሰው ተጠርቶ ለአንዱ ይሠራለታል፤ ባለቤቱም አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል። ወንፈል ሲባል ግን ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን ነው፤ ቀኑ ይቆጠራል፤ ዕዳው ይታወቃል፤ ጉልበቱን ያላመጣ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይጠራም። በወንፈል ውስጥ ተቀምጦ የሚያጭድ እንጂ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው የለም። የእኛ የቴሌግራም ግሩፕ ደቦም ወንፈልም አይደለም። በደቦ እንኳ ተጠሪው ይሠራል። የእኛ ግሩፕ አንዱ የሚያርስበት፣ ሌላው ከአውድማው የሚዝቅበት ነው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን የአባሉ ብዛት የሠራተኛው ብዛት አይደለም።

በጥንቱ ትምህርታችንም ቢሆን ይህ ሥርዓት ያልታወቀ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለብቻው ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቀደም ያለው ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል። በወሎ መስጊዶችና ዛውያዎች የሚማረው ደረሳም በሸኹ ፊት ኪታቡን እያነበበ ይታረማል፤ የላቀውም ለጀማሪው ያስተምራል። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው የሌላውን እርዳታ ያገኛል፤ ነገር ግን በመጨረሻ በራሱ አፍ መናገር ግዴታው ነው። የሌላውን ሥራ አንሥቶ በመምህሩ ፊት የሚቆምበት መንገድ የለም።

አሁን ደግሞ ስልኩ ይውጣ፣ ኢንተርኔቱም ይዘጋ የሚለውን ወገን እንመልከት። ይህ ወገን ምክንያት የለውም አንልም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በፌስቡክ ስለ ተሰራጨ ፈተናው ተሰረዘ፤ በሐምሌም እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ። በ2009ና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጧል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተማሮቹ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ያን ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ፈተናው መጠበቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ውጤቱ የሚነግረን ሌላ ነገርም አለ፤ ኩረጃውን ማገድ ዕውቀቱን አይተካም። መዝጋት ድካማችንን አሳየን እንጂ አላበረታንም። ደግሞም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ታትሞ በበቂ ባለመድረሱ ብዙ ተማሪ መጽሐፉን ያገኘው በቴሌግራም በፒዲኤፍ ነው። ስልክ ከትምህርት ቤት ይውጣ የሚል ሰው በስልኩ ምትክ ለዚያ ተማሪ የታተመ መጽሐፍ የማቅረብ ዕዳ አለበት።

እንግዲህ ሒሳችንን በሦስት ነገር እንጠቀልለዋለን።

አንደኛ፣ መልሱ አንድ የሆነ ጥያቄ ለተማሮች ግሩፕ የሚስማማ ሥራ አይደለም፤ አንዱ ሲሠራው የሌላው ሥራ ያልቃልና። ለትብብር የሚስማማው እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ካላመጣ የማይሞላ ሥራ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የራያ ቆቦ ተማሮች እያንዳንዳቸው በየቀበሌያቸው ያለውን የማሽላ ዓይነት፣ እንደ ጅጉርቲና እንደ ደጋሊት ያለውን፣ ስሙን፣ የሚዘራበትን ወር፣ ለእንጀራ ወይም ለጠላ መሆኑን ከገበሬ ጠይቀው ጽፈው፣ በጋራ ፋይል ላይ ቢያሰባስቡት፣ ከጎብዬው ተማሪ የሮቢቱ ሊገለብጥ አይችልም። የጎርፍ ጠለፋውና የውሃው ተራ ሥርዓትም እንዲሁ ሊጻፍ ይችላል። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም፤ በ1940ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሮች የየአገራቸውን ልማድ እየጻፉ በመጽሔታቸው ያሳትሙ ነበር። እነርሱ ይህን የሠሩት ያለ ኢንተርኔት ነው፤ እኛ ኢንተርኔት እያለን ያልሠራነው ለምንድር ነው?

ሁለተኛ፣ ግሩፑ እንደ ቦዩ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ይህም ሰው በየሳምንቱ በተራ ቢለዋወጥ መልካም ነው። ተግባሩ መከልከል ሳይሆን «ከየት አገኘኸው? ለምን እንዲህ ሆነ?» እያለ መጠየቅ ነው። መልስ ያኖረ ሁሉ የሠራበትን መንገድ ይናገር፤ የወሰደ ሁሉም አንድ ጥያቄ ወይም አንድ እርማት ይመልስ። የወንፈሉ ዕዳ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራው ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳይቆም ሆኖ ይዘጋጅ። ጽሑፉ አነስተኛ ፋይል ይሁን፤ በሜሞሪ መተላለፍ ይቻል፤ በወረቀትም ይታተም። ስልክ የሌለው ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉ ሦስት ወይም አራት ተማሮች በአንድ ስልክ እንዲሠሩ ይደረግ። ኔትወርክ ያለው ሰው ብቻ የሚገባበት ትብብር በቆላው ያለውን ወንድማችንን ውጭ አስቀርቶ በሩን መዝጋት ነው።

በዚህ ሒስ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። «በጦርነት መካከል ላለፈ፣ ጠረጴዛ እንኳ ለተዘረፈበት ተማሪ ስለ ትብብር ሥርዓት መናገር ቅንጦት ነው፤ አስቀድሞ ትምህርት ቤቱ ይታደስ» የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ ይታደስ ማለት ትክክል ነው፤ እኛም እንለዋለን። ነገር ግን የቆቦ ገበሬ ቦይ የሚቆፍረው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነው። ኔትወርኩ ተመልሶ ሲመጣ መቅዳት ብቻ የለመደ ተማሪ ካገኘ፣ ያለፈውን የፕላዝማ ታሪክ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ስክሪን ላይ መድገም ይሆናል። መጠየቅና ድርሻውን ማምጣት የለመደ ተማሪ ካገኘ ግን ውሃው ማሳ ላይ ይገባል።

መምህራኖቻችንና ተማሮች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን አስተያየት መርምረው የተሳሳትነውን ቢያርሙን ደስ ይለናል። የምንለምነው እርማቱ ከማን እንደ ተቀዳ ሳይሆን በማን እንደ ታሰበ የሚታወቅ እንዲሆን ብቻ ነው።