ራስጌና ግርጌ

ባናው አልጋዬ ላይ ተዘርግቷል። ሁለት ልጅ በምቾት ይሸፍናል፤ ሦስተኛ ከገባ ጠብ ይነሣል። ማቅለሚያ አልነካውም፤ ጥቁሩ የጥቁር በግ፣ ነጩ የነጭ በግ፣ በሁለቱ መሀል የተሰመረው ቡናማ ደግሞ በረት አልገባም እያለች ስታስለቅሰን የኖረች የአንዲት እናት በግ ጠጉር ነው። መዳፌን አሳርፌ ስስብበት መጀመሪያ ይሻክረኛል፤ ጫን ስል ከሻካራው ሥር ለስላሳ ሙቀት ይቀበለኛል። ሐምሌ ሲገባ ከሣጥን አወጣዋለሁ። ከተሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ደጋግሞም ታጥቧል፤ የሞላሌ ምድጃ ጭስ ግን ዛሬም ከውስጡ ይሸታል።

የሠራችው አያቴ ናት። እምዬ ነበር የምንላት። ሸምኖ ያወጣው ሸማኔ ቢሆንም በእኛ ቤት «ይኼ የማን ባና ነው?» ሲባል የሚጠራው የፈታይዋ ስም ነበር። ልጅ ሆኜ ይህ ለሸማኔው የተሠራ ግፍ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጨርቁን ወደ መስኮት አቅርቤ ክር ከክር ለይቼ ሳየው ይገባኛል። ሸማኔው ዘንድ ሲደርስ የባናው ጠባይ ተወስኖ አልቋል። የሚሞቅ ይሁን የሚበርድ፣ የሚሳሳ ይሁን የሚቆይ፣ ያንን የቆረጡት የእምዬ ሁለት ጣቶች ናቸው።

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደብረ ብርሃንን ያልፋሉ፤ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ለቀው በመዘዞ በኩል ወደ ሰሜን ሲያቀኑ ዛፉ ሳስቶ ነፋሱ በርትቶ ያገኙታል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ነው። ከገብስና ከበግ በቀር እዚያ ደጋ ላይ ብዙ ነገር እሺ አይልም። በጓም ብትሆን ትንሽ ናት፤ ያደገች እናት በግ ክብደቷ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነው። ላቷ አጭርና ወፍራም፣ ልብሷ ድርብ ነው፦ ላዩ ረጅምና ጠንካራ ጠጉር፣ ሥሩ አጭርና ለስላሳ ሱፍ። ዝናቡ በላይኛው ይንሸራተታል፤ ብርዱ ከታችኛው ደርሶ ይቆማል።

የእምዬ ሥራ የሚጀምረው ሁለቱን ከመለየት ነበር። በጎቹ በእኛ ቤት የሚሸለቱት ክረምቱ ሳይጠና ነው። ጠጉሩ በቁና ተሞልቶ ሲቀርብላት እንደ እህል ትለቅመዋለች። ረጅሙንና ደረቁን ወደ ግራ፣ ለመደብ ምንጣፍ ለሚሆነው ለዝተቱ፤ አጭሩንና ለስላሳውን ወደ ቀኝ፣ ለባናው። ከለስላሳው ውስጥ ግን ሆን ብላ ጥቂት ጠንካራ ትተዋለች። «ልስላሴ ብቻውን ዕድሜ የለውም» ትል ነበር። መስኮቱ ሥር ባናውን ሳየው ያ የተተወው ጠንካራ ጠጉር በየክሩ ጎን እንደ ጢም ብቅ ብሎ ይታየኛል። መጀመሪያ መዳፌን የሚሻክረው እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያቆየውም እሱ ይመስለኛል።

ከዚያ ማጠብ ይመጣል። እንዶድ ተወቅጦ፣ አረፋው ሲነሣ ጠጉሩ ይነከራል፤ ጭቃውና የበረቱ ቆሻሻ ይወጣል። እናቴ ለማንጻት ስትጣደፍ እምዬ ቆማ ትከለክላታለች፤ «ኧረ ተይ፣ ወዙን አትጨርሺው!» ወዝ የምትለው የበጓን ስብ ነው። ወዙ ያለቀ ጠጉር ከጣት ላይ ይበተናል፣ ክር ሲሆንም ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ወዙ የበዛበት ደግሞ ይጣበቃል፣ ይሸታል። መካከሉን የምትለካው በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ቆንጥራ፣ አሽታ፣ ጣቶቿን ወደ ጉንጯ በማስጠጋት ነበር። ጉንጯ ላይ ጥቂት ከተንሸራተተ በቂ ነው።

ንደፋው የወንድ አያቴ የአባባ ነው። ጅማት የተወጠረበትን ደጋኑን ይዞ ጠጉሩ ላይ ሲመታው ቤቱ ድው ድው ይላል፤ የተቋጠረው ሁሉ እየተፈታ እንደ ጉም ይነሣል። ንደፋ ባለበት ቀን እኛ ልጆቹ ቅንድባችን ሸብቶ እንውላለን። በሩ ይዘጋል፤ ነፋስ ከገባ የዓመቱ ሱፍ በጭስ መውጫው ይወጣላ!

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት የእንዝርት ነው።

የመንዝን ክረምት ያላየ ሰው ጉም ቤት ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ አላየም። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው የጓሳ ሣር ነው። ያን ሣር የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግቶ፣ ሲደርስ ቀን ቆርጦ ያጭደው ነበር፤ ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም የአገሩ ሰው ጓሳን መጠበቁን አልተወም። ከዚያ ጣሪያ ሥር ኩበቱ ይጨሳል፣ አዲስ የተወለዱ ግልገሎች ምድጃው ዳር ይርመሰመሳሉ፣ አጎቴ ከእርሻ ገብቶ እግሩን ወደ እሳቱ ይዘረጋል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እኛ መደብ ላይ ተደርድረን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን። በዚህ ሁሉ መሀል የእምዬ እንዝርት ትዞራለች።

አስተያየቷን ልብ ብዬ ያየሁት ኋላ ነው፤ እንዝርቷን አታያትም ነበር። ግራ እጇ ባዘቶውን ይይዛል፣ ቀኝ መዳፏ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ገፍታ ትለቃታለች። እንዝርቷ ተንጠልጥላ ስትዞር ክረቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ እምዬ በሁለት ጣቷ በሩን እንደ መክፈትና መዝጋት አድርጋ ይለፍ የምትለውን ያህል ብቻ ታሳልፈዋለች። ጣቶቹ ቀድመው ከተከፈቱ ክረቱ ባዘቶው ውስጥ ሮጦ ገብቶ ይቋጥራል፤ ከዘገዩ ክሩ ይሳሳና ይበጠሳል። ትክክለኛው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። እሷ በዚያች ጥቅሻ ውስጥ ቆሎውን እንዳንጨርስ ትቆጣለች፣ ግልገሏ እሳት እንዳትገባ በእግሯ ትገፋለች፣ የእንቆቅልሹንም መልስ ትሰጣለች። እንዝርቷ የምታርፈው በበዓል ብቻ ነበር።

ድርና ማጉ አንድ ዓይነት ክር እንዳልሆነ ያወቅሁት ከእሷ ነው። ድሩ ሸማኔው ዘንድ ይወጠራል፤ ስለዚህ ከርሮ፣ ቀጥኖ፣ እንደ ጅማት መጠንከር አለበት። ማጉ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ላላ፣ ነፋ ብሎ መተንፈስ አለበት። ድሩን ስትፈትል እንዝርቷን ጭኗ ላይ ሁለት ጊዜ ትገፋታለች፣ ለማጉ አንዴ ይበቃታል። ስትመረምረው አንድ ክንድ ያህል ስባ ሁለቱን ጫፎች ታቀራርባለች። ክሩ ወዲያው በራሱ ላይ ከተጠመጠመ ለድር ነው፤ ሰነፍ ሆኖ ከተንጠለጠለ ለማግ። ሚዛኗ ይኸው ነው፤ ልቃቂቶቿም እንደዚያው በሁለት ቁና ተለይተው ይቀመጣሉ።

እኔ እንዝርት የያዝሁት ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ። ትልልቆቹ ቤተ ክርስቲያን ውለው እስኪመለሱ ብዬ ጀመርሁት። የፈተልሁት ክር የዶሮ አንጀት ይመስል ነበር፤ እዚህ ወፍሮ፣ እዚያ ሳስቶ፣ በየጣቱ ርቀት እየተቋጠረ። ወንድሞቼ ሳቁብኝ። እምዬ አልሳቀችም። ልቃቂቴን ተቀብላ እንደ ጠጉሩ ቆነጠረችው፣ ክንድ ሙሉ ስባ አየችው፣ ከዚያ «ይኼ ለግርጌ ይሆናል» ብላ በማጉ ቁና ጥግ ለብቻው አስቀመጠችው። ራሴን ደፋሁ። ለእግር ነው ማለቷ ነው፤ ለፊት የማይሆን፣ ለጭቃ የሚሆን።

መንዝ የሰምና ወርቅ አገር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው ያለ ነገር አይደለም። እኔ ግን የዚያው አገር ልጅ ሆኜ የእምዬን ዐረፍተ ነገር ሰሙን ብቻ ይዤ ብዙ ዓመት ኖርሁ።

ጥቅምት ላይ ልቃቂቶቹ ሸማኔው ዘንድ ሄዱ። እምዬ አብራ ሄዳ ቅደም ተከተሉን በቃል ነገረችው፤ ጥቁር ከዚህ እስከዚህ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ነጩ ዳርና ዳር፣ ይቺ ትንሿ ልቃቂት መጨረሻ ላይ። የሸማኔው መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚወረወር የሚወጣው ጨርቅ ጠባብ ነው፤ ባናው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ የተሠራ ነው። ስፌቱን እስካሁን እፈልገዋለሁ። የግራው ጥቁር መስመር ከቀኙ ጋር የሚገጥመው ያለ ምንም መዛነፍ ነው፤ እንዲህ እንዲገጥም የሁለቱም ቁራጭ ማግ ውፍረቱ እኩል መሆን ነበረበት። አንዱ ክር ትንሽ ቢወፍር መስመሩ በየስንዝሩ እየተንሸራተተ መጨረሻ ላይ አራት ጣት ይሳሳት ነበር። ሐምሌ የተፈተለውና መስከረም የተፈተለው፣ ደክሟት የፈተለችውና አርፋ የፈተለችው አልተለያየም።

ያኔ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ እኛም ቤት አንድ ነበር። እምዬ አልናቀችውም። አንድ ቀን ጠርዙን ይዛ ክሩን በጣቷ እየቆጠረች ቆየችና «ይኼን የፈተለ እጅ አልደከመውም» አለች። አድናቆት ነበር፤ አድናቆቱ ውስጥ ግን የሚያውቅ ሰው ትዝብት አለ። ሳይደክሙ እኩል መፍተል አንድ ነገር ነው፤ ደክሞም እኩል መፍተል ሌላ ነው።

የመጨረሻው ሥራ የኛ የልጆቹ ነበር። ከሽመና የወጣው ባና ገና ወንፊት ነው፤ ዓይን ያሳልፋል። ፀሐይ ያለበት ቀን ተመርጦ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፣ እኛ ደግሞ ልብሳችንን ሰብስበን በባዶ እግራችን እንረግጠዋለን። የሱፍ ጠጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው፤ ሙቀትና እርግጫ ሲያገኘው ቅርፊቱ እርስ በርሱ ተያይዞ አይለቅም። የላላው ማግ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ ያብጥና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፣ ድሩንም ውጦ ይሰውረዋል። አራታችን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን እንደ እስክስታ ስንረግጥ እምዬ ገንዳው ዳር ቁጭ ብላ በየጊዜው ጠርዙን አንሥታ ወደ ሰማይ ታየዋለች። ብርሃን ካሳለፈ «ገና ነው!» ትላለች። ብርሃኑ ሲጠፋ እጇን ታነሣለች። አንድ እርግጫ ከዚያ ቢያልፍ ባናው ይጠጥራል፤ መተጣጠፍ እምቢ ይላል። እሷ ያቆመችን በዚያች ልክ ላይ ነው። ይኸው ዛሬም ሲዘረጋ ይፈሳል፣ ሲያጥፉትም እሺ ይላል።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ልጄ በብርድ ነቅታ ተጣራች። በጨለማ ባናውን አንሥቼ ላለብሳት ስል በቤታችን የኖረው ሕግ ትዝ አለኝ፤ እግር የነካው ጫፍ ፊት አይነካም። በሞላሌው ቤት ባናው ቀን ቀን ተጠቅልሎ ማታ የሚዘረጋው እሳቱ ከተዳፈነ በኋላ፣ በጨለማ ነበር። ሰባት ሰው ባለበት ቤት የትኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነ ማን ያያል? ሆኖም ሲገለበጥ አላየሁም። እናቴ ጠርዙን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ትዘረጋዋለች፣ በቃ።

እኔም ዳሰስሁ። አንደኛው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው። ሌላኛው መጨረሻ ላይ፣ ስንዝር በማይሞላ ስፋት፣ ጣቴ ሥር ጉብ ጉብ የሚል ነገር አገኘሁ፤ እዚህ ወፍሮ፣ እዚያ ሳስቶ፣ እየተቋጠረ። እርግጫው እንኳን አላስተካከለውም። በዚያ ሁሉ ባና ውስጥ ያለው ብቸኛ ክፉ ክር የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ በጨለማ ግርጌውን ያወቀው በሱ ነበር።

ልሙጡን ወደ ልጄ አገጭ ሳብሁት፣ የእኔን ክር ወደ እግሯ አደረግሁ፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ወተፍሁት።